ባቡሩ የተወው ሙያ

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይባላል። በአንድ ኢንዱስትሪ ለሚያድር ከተማ የሚሰጠው ምክርም ከዚህ አይርቅም፤ ሁለተኛ ፋብሪካ ጨምሩ፣ ሦስተኛ አምጡ ነው። ምክሩ ክፋት የለውም። ድሬዳዋን ሳስብ ግን ከፋብሪካ ብዛት በፊት የሚቀድም ጥያቄ ያለ ይመስለኛል፤ ድርጅቱ ሲሄድ ሠራተኛው እጅ ላይ ምን ይቀራል?

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱን ትቶ በቆላው በኩል ሲያልፍ፣ በ1895 ዓ.ም. በደረሰበት ሜዳ ላይ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ ከባቡሩ ያገኘችው ደመወዝና ንግድ ብቻ አልነበረም። የምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ የሚሠራ፣ ብረት የሚያቀልጥ፣ የሚበይድ፣ የፉርጎ እንጨት የሚያለዝብ ሰው አፍርቷል። ይህ ሰው ባቡሩ ቢቆም ሙያውን ይዞ የመኪና ጋራዥ ወይም ብረታ ብረት ቤት ሊገባ ይችላል።

አሮጌው ባቡር ተዳክሞ ሲቆም ድሬዳዋ ተጎዳች፣ ግን አልፈረሰችም። ያተረፋት ሙያ ብቻ ነው አልልም፤ አስፋልቱ፣ ሲሚንቶው፣ ከጅቡቲና ከሶማሌ ጋር ያላት ንግድም አለ። በአንጻሩ በዚያው የባቡር መስመር ያሉትን የአፍደምንና የኤረርን ከተሞች እንይ። አስፋልቱ ከሜኤሶ ወደ ጭሮ ደጋ ሲወጣ እነሱን ቆላ ጥሏቸው ሄደ። ለመንገደኛ ሻይና ወተት ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ መንገደኛው ሲቀር ወደ ሌላ በር ይዞት የሚሄድ ነገር አልነበረውም።

አሁን ሐዋሳን ላንሳ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን፣ በአብዛኛው ሴቶችን፣ ሥራ አስገባ። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ፣ ከአጎዋ፣ እንደምታስወጣ ባስታወቀች ማግስት፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ልብስ አምራች በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ተናገረ። ከአጎዋ መውጣቱ ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ ጸና። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ ስትሰፋ የከረመች ልጅ እንዲህ ካለው ፋብሪካ ስትወጣ ሙሉ ሸሚዝ መቁረጥ አትችልም። ከተማ ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ ምን ብሎ ይቅጠራት?

«የልብስ ፋብሪካ ባሕርይው ነው፤ ሥራ ካልተከፋፈለ አያዋጣም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይሁን። ግን መሬቱን የሰጠነው፣ ሼዱን የሠራነው፣ የግብር እፎይታውን የፈቀድነው እኛ ነን። ይህን ሁሉ የሰጠ አገር በምላሹ ሙያ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። በውሉ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ሠራተኛዋ በየጊዜው ማሽን ትቀያይር፤ የማሽን ጥገናውን የከተማው ልጆች ይማሩት፤ የተማረችው ነገር በሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ተመዝኖ የምስክር ወረቀት ይሰጣት።

ከንቲባዎቻችን ፓርክ ሲመርቁ ስንት የሥራ ዕድል እንደተፈጠረ ይነግሩናል። ጋዜጠኞች አንድ ጥያቄ ይጨምሩላቸው፦ ድርጅቱ ነገ ቢወጣ ከተማው ስንት መካኒክ፣ ስንት ቆራጭ፣ ስንት የጥራት ተቆጣጣሪ ይተርፈዋል? ለዚህ ቁጥር የሌለው ከንቲባ ሪባኑን ከመቁረጡ በፊት ወደ ውሉ ይመለስ።