ከቀለሙ ሥር ዋንዛ አለ

መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ አሮጌ ኮመዲኖ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ፊት ለፊቱን ብቻ አይቶ ነው። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ ፊቱን ወልውሎ፣ ሲያሻውም ቡናማ ቀለም ለቅልቆ ያቆመዋል። እንጨት የሚያውቅ ገዢ ግን መሳቢያውን መዝዞ ይገለብጠዋል። ማዕዘኑ እንደተጠላለፉ ጣቶች እየተቆረጠ የተገጣጠመ ከሆነ፣ ጊዜውን የሰጠ አናጢ እጅ አርፎበታል። ጠርዙ ላይ የተጨመቀ ፍርፋሪ ከታየ ችፑድ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት።

ልዩነቱ የውበት ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ከዚያ በፊት የተሠራ የዋንዛ ኮመዲኖ ዛሬ በቀላሉ የማይገኝ እንጨት ነው ማለት ነው። ሆኖም ልጅ ሲዳር ወይም ቤት ሲታደስ መጀመሪያ ወደ ደጅ የሚወጣው እሱ ነው። በቦታው የሚገባው የሚያብለጨልጭ ችፑድ ወለል በተወለወለ ቁጥር ከእግሩ ውኃ እየጠጣ ያብጣል፤ አንዴ የተነቀለ ብሎንም ተመልሶ አይይዝለትም። ይህ ልውውጥ ኪሳራ ነው፤ ከፋዩም የቤቱ ባለቤት ነው።

ማደሱ ሰዎች እንደሚፈሩት ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። መጀመሪያ እጀታዎቹ ይፈታሉ፤ ዕቃው በሳሙና ውኃ በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ከዚያ በደንብ ይደርቃል። የእጅ ቅባት ያልለቀቀ እንጨት የብርጭቆ ወረቀቱን ወዲያው ይደፍነዋል። በ80 ቁጥር ተጀምሮ፣ በ120 ለስልሶ፣ በ220 ይጨረሳል። መታሸት ያለበት የእንጨቱ መስመር በሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ ነው። አግድም የታሸ እንጨት ጭረቱ ደረቅ ሳለ አይታይም፤ ቫርኒሽ ሲነካው ግን ድመት የቧጠጠችው ይመስላል። አንዳንዱ ኮመዲኖ ላዩ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ የእንጨት ልጣጭ የተለጠፈበት ነው። እሱ ላይ ማሽን ያሳረፈ ሰው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከሥሩ ያለውን ኮምፔንሳቶ ያገኘዋል።

ከድካሙ ሁሉ የሚክሰው፣ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ የሚታበስበት ቅጽበት ነው። ግራጫው ይሄድና የዋንዛው የማር ቀለም ብቅ ይላል። ጥድ ከሆነ ደግሞ ገና ሲታሽ ክፍሉ በመዓዛው ይታወዳል።

አንድ ነገር ግን በዋዛ አይታለፍም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ ምን እንደያዘ በዓይን አይለይም። ስለዚህ አሮጌ ቀለም ያለበትን በደረቁ ከማሸት እያረጠቡ መፋቅ፣ አፍና አፍንጫን በደህና ጭንብል መሸፈን፣ ሕፃናትንም ከአካባቢው ማራቅ ይገባል። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የሚሠራ ሰው የታችኛው ጎረቤት ልብስ ማስጣቱንም ቢያይ አይከፋም። በተልባ ዘይት ማሸት የሚወዱ ደግሞ የተጠቀሙበትን ጨርቅ ጨባብጠው ጥግ ላይ አይጣሉት፤ ዘይቱ እየደረቀ ሲሄድ ስለሚሞቅ ክምሩ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል።

አሁን አሁን አሮጌ ዕቃ ያገኘ ሁሉ ነጭ ቀለም ይቀባዋል። ለችፑድ ጥሩ ነው፤ የሚያሳሳ ነገር የለውምና ሥር ቀለሙ በደንብ ከያዘ ያምርበታል። ዋንዛን በነጭ ቀለም መድፈን ግን ሐር ላይ ሸራ እንደማልበስ ነው። ቀለም ያማረው ሰው ችፑድ ይግዛ፤ እሱም ርካሽ ነው።

እጀታ መቀየር ቀላል ይመስላል፤ ገበያ ሲወጣ ነው ችግሩ የሚታወቀው። ብዙዎቹ አዳዲስ እጀታዎች በሁለቱ ቀዳዳዎቻቸው መካከል 96 ወይም 128 ሚሊ ሜትር አላቸው፤ የድሮው ላይስማማ ይችላል። ሳይለኩ የገዙ ሰዎች መሳቢያቸውን ወንፊት አድርገውታል። አሮጌው ቀዳዳ በኮላ ከተለወሰ የዚያው እንጨት ብናኝ ቢደፈን ምልክቱ ብዙም አይጎላም። እየያዘ የሚያስቸግር መሳቢያ ደግሞ ማሽን አይፈልግም፤ የሚንሸራተትበት ጠርዝ በጧፍ ቁራጭ ቢታሽ ይበቃዋል።

በእጅ የተሠራ ኮመዲኖ መሳቢያው በየራሱ ቀዳዳ ልክ ተቆርጦ ስለሚገባ አራተኛው በሁለተኛው ቦታ አይሄድም። ለዚህም ይመስላል አንዳንዱ አናጢ በመሳቢያው ጀርባ ላይ በእርሳስ ቁጥር ጽፎ የሚያልፈው። ያቺ ጥግ ሳትታሽ ብትቀር ጥሩ ነው፤ ቤት ሲቀየር መሳቢያዎቹን የሚመልሰው ሰው ይፈልጋታል።