ከሐውልቱ ጀርባ ያለችው ከተማ

በሰሜን አሜሪካና በአውስትራሊያ አውራ ጎዳናዎች ዳር የቆሙት ግዙፍ ቅርጻ ቅርጾች ስማቸው የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ለሳቅ ነው። ፎቅ የሚያህል በግ ወይም ከቤት ጣሪያ በላይ የሚዘልቅ ዝይ ሲባል ማን አይስቅም? የሥነ ጥበብ ሰዎች ይንቋቸዋል፤ መንገደኛውም ሞተሩን ሳያጠፋ ፎቶ አንስቶ ይነዳል። እኔ ግን አንድ ሙሉ ቀን፣ ያውም ለብቻ ተሂዶ፣ ሊሰጣቸው ይገባል ባይ ነኝ። ብዙዎቹ ለራሳቸው ብለው የቆሙ አይደሉም። ከጀርባቸው መንገድ ጥሏት ያለፋት ከተማ አለች፤ ሐውልቱም የእሷ አቤቱታ ነው። አቤቱታውን አይቶ ባለጉዳይዋን ሳያዩ መመለስ ደግሞ ጉዞውን ከግማሽ በላይ ማባከን ነው።

ማስረጃው ከአመሠራረታቸው ይጀምራል። በካናዳዋ ኦንታሪዮ፣ በሱፒሪየር ሐይቅ አካባቢ፣ ዋዋ የምትባል ትንሽ የማዕድን ከተማ አለች። አገር አቋራጩ አውራ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ1960 ሲደርስላት በመሐሏ ሳይሆን በአጠገቧ አለፈ። የከተማዋ ነጋዴዎች መኪናው ሁሉ ሽው ብሎ እንዳይቀርባቸው ሰጉና መገንጠያው ላይ 8 ሜትር ተኩል ገደማ ቁመት ያለው ዝይ አቆሙ፤ ያስመረቁትም መንገዱ በተከፈተበት ወቅት ነው። የመጀመሪያው ዝይ የጄሶ ሥራ ስለነበር የአካባቢውን ክረምት አልቻለም። በ1963 በብረት ተተካ፤ ብረቱም ሲያረጅ በ2017 ሦስተኛው ተሠራ። ነገሩ ቀልድ ቢሆን ኖሮ አንድ ትንሽ ከተማ ሦስት ጊዜ ወጪ ባላወጣችበት። በአውስትራሊያ የሱፍ ምድር የምትገኘው ጎልበርን ደግሞ በ1985 ቁመቱ 15 ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 97 ቶን የሚጠጋ የሲሚንቶ በግ ገነባች። በ1992 ሲድኒንና ሜልቦርንን የሚያገናኘው የሂዩም ጎዳና ከተማዋን ሳይነካ በዳር እንዲያልፍ ተደረገ፤ ጎብኚም ቀነሰ። በ2007 በጉ ከነበረበት ተነሥቶ ወደ አዲሱ መንገድ መውጫ ተጠጋ። መንገዱ ሸሸ፣ በጉ ተከተለው።

ሐሳቡ ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚታየው ግን በአሜሪካዋ ሰሜን ዳኮታ ነው። ሪጀንት ሁለት መቶ ነዋሪ እንኳ የማይሞላት የገበሬዎች ከተማ ስትሆን፣ ኢንተርስቴት 94 ከሚባለው አውራ ጎዳና ወደ 51 ኪሎ ሜትር ገባ ብላ ትገኛለች። ጋሪ ግረፍ የተባለ የቀድሞ መምህር የትውልድ ከተማው እየከሰመች መሆኗን አይቶ፣ የቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ሳይኖረው፣ አሮጌ የነዳጅ ታንከሮችንና ቧንቧዎችን እየበየደ ሥራ ጀመረ። በ2001 በአውራ ጎዳናው ዳር ያቆመው የበራሪ ዝይዎች ቅርጽ 33 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከውድቅዳቂ ብረት ከተሠሩ ቅርጾች የዓለም ትልቁ ተብሎም በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። ትልቁ ብልሃት ግን ከዚያ ወዲያ ነው። ግረፍ ሌሎቹን ሥራዎች አንድ ቦታ አልደረደራቸውም፤ ወደ ሪጀንት በሚወስደው መንገድ ዳር አራርቆ ተከላቸው። አንዱን ያየ ቀጣዩን ፍለጋ ይነዳል፤ ሳያስበውም ከተማዋ ደጃፍ ይደርሳል። በመንገዱ ላይ የገበሬው የዘወትር ጠላት ፌንጣ ከስንዴው በላይ ተገትሮ ይታያል። ፌዛንት የሚባሉት የዱር ወፎች ደግሞ ከነጫጩቶቻቸው ቆመዋል። ገላቸው ከሩቅ ድፍን ይምሰል እንጂ ሲቀርቡት የሽቦ መረብ ነው፤ የሜዳው ነፋስ በውስጡ ሾልኮ ያልፋል። ከለላ በሌለበት ሜዳ ያንን የሚያህል ገላ ሳይወድቅ የሚቆመው እንዲህ ሲሠራ ነው፤ ይህ ደግሞ አገሩን የሚያውቅ ሰው ጥበብ ነው።

ለብቻ መሄድ ለምን? በእኛ ዘንድ የብቻ ሽርሽር ወይ የትካዜ ወይ የኩርፊያ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ሰብሰብ ብሎ መሄድ ደስ ማለቱን አልክድም። ነገር ግን በቡድን የሄደ ሰው ምግቡንም ጨዋታውንም ይዞ ነው የሚሄደው፤ ሐውልቱ የፎቶው ዳራ ይሆናል፣ ከተማዋም አታስፈልገውም። ብቻውን የሄደ ሰው ግን መንገድ ይጠይቃል፣ ምሳውን እዚያው ይበላል፣ ከጎኑ የተቀመጠውን ያናግራል። ሐውልቱ የቆመለት ዓላማ የሚፈጸመው በዚህ ነው። በርግጥ ጭር ባለ አገር ለብቻ መንዳት የራሱ አደጋ አለው፤ በተለይ ለሴቶችና የቆዳ ቀለማቸው ዓይን ውስጥ ለሚያስገባቸው ሰዎች ስጋቱ የፈጠራ አይደለም። በቀን መሄድ፣ ነዳጅ ሞልቶ መነሣት፣ የሚሄዱበትን ለሰው መንገር ግድ ነው። ይህ ግን የጥንቃቄ ምክንያት ነው እንጂ የመቅረት ምክንያት አይደለም።

«ይኼ ማስታወቂያ እንጂ ጥበብ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ገበያ ለመጥራት መሠራታቸው እውነት ነው፤ ዋዋም ጎልበርንም አልደበቁትም። ጥቅም የታሰበበት ሁሉ ጥበብነቱን ያጣል ከተባለ ግን በትእዛዝና በክፍያ የተሣሉ ሥዕሎችን ሁሉ ልንጥል ነው። ደግሞም ሁሉም ለገበያ አልተሠሩም። በኔብራስካዋ አላያንስ ከተማ አጠገብ ጂም ራይንደርስ ከዘመዶቹ ጋር በ1987 አሮጌ መኪናዎችን ሽቅብ አቁሞ ተክሎ፣ ሌሎችን በላያቸው አጋድሞ፣ ሁሉንም ግራጫ ቀብቶ የእንግሊዙን ጥንታዊ የድንጋይ ክብ ስቶንሄንጅን የሚመስል ክብ ሠራ። የሠራው ለአባቱ መታሰቢያ ነው። በአካባቢው ባለሥልጣናት ዘንድ ይፍረስ ያሉ ነበሩ፤ ነዋሪዎች ግን ማኅበር አቋቁመው ጠበቁት፤ በ2013 ለከተማው አስተዳደር ተላለፈ። አስቀያሚ ነው የተባለውን ነገር ከተማው የራሱ አደረገው። ውበቱ ላይ መከራከር ይቻላል፤ ጥበብ ሰውን የሚያሰባስብ ነገር መሆኑን የሚቀበል ግን እዚህ ላይ ብዙም አይቸገርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ ሐውልት ከተማ አያድንም የሚለው ነው። ትክክል ነው። ግረፍ ከሠላሳ ዓመት በላይ ለፍቶም የሪጀንት ሕዝብ አልበዛም። የእርሻ መሣሪያው እየገዘፈ፣ የሚፈልገው የሰው ጉልበት እያነሰ፣ ወጣቱም ወደ ትልልቅ ከተሞች እየሄደ ባለበት ዘመን ይህን ብረት አይመልሰውም። ግን ሐውልቱን በሕዝብ ቆጠራ መመዘን ተገቢ አይመስለኝም። ሪጀንት ያለ ዝይዎቹና ያለ ፌንጣዎቹ ዛሬ የሚጠራት ጎረቤቷ ብቻ በሆነ ነበር። አቤቱታ ሁልጊዜ ባይሰማም አቤት ማለት ራሱ ዋጋ አለው፤ ባለጉዳዩ እንዳልሞተ ያሳውቃልና።

ይህ ነገር እኛንም ይነካል። በአሜሪካ ከባድ መኪና እየነዱ የሚያድሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጡታል። የጭነት ቀጠሮ ግን ከአውራ ጎዳናውና ከነዳጅ ማደያው አያስወጣም። ስለዚህ ለዓመታት የኖሩበትን አገር በመውጫ ቁጥሮቹ ብቻ ሊያውቁት ይችላሉ። በዕረፍት ቀን በቤት መኪና ከአውራ ጎዳናው መውጣትና አንዱን ሐውልት እስከ ከተማው ድረስ መከተል ብዙ ወጪ የለውም። ትኬት የማይቆረጥበት፣ አስጎብኚ የማያስፈልገው፣ የጥበብ ትምህርትም የማይጠይቅ ጉብኝት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፎቶው ከተነሳ በኋላ መኪናውን ወደ አውራ ጎዳናው ከመመለስ ይልቅ ወደ ከተማዋ አዙሮ፣ ምሳንም ነዳጅንም እዚያው መግዛት።