ተምች ሲገባ አሰሳ ይቅደም ወይስ ርጭት?

አሰሳው ይቅደም
(የሰብል ጥበቃ ባለሙያ)

መጤው ተምች አገራችን መግባቱ የታወቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በቆሎ በሚዘራበት ቀበሌ ሁሉ ገበሬው ጆሮ የሚደርሰው ምክር «ቶሎ ርጭ» የሚል ነው። ኬሚካል ጨርሶ አይነካ አልልም። ነገር ግን አብዛኛው ርጭት ተምቹን አያገኘውም፤ ገንዘቡም ጤናውም በከንቱ ይፈሳል።

ማሳው ውስጥ ገብተን እንየው። የተምቹ እናት የሆነችው የእሳት ራት ዕንቁላሏን አንድ ቦታ ላይ 100፣ 200 አድርጋ ትጥላለች። ትሉ ተፈልፍሎ ጥቂት ቀን ቅጠል ሲፍቅ ይቆይና ወደ በቆሎው እምብርት ይገባል። እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩሱን ከላዩ ከምሮ እዚያው ይደበቃል፤ ለመብላት ብቅ የሚለው በአብዛኛው ሲመሽና ሲነጋ ነው። ገበሬው መርጫውን አዝሎ የሚገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው። መድኃኒቱ በቅጠሉ ላይ ይወርዳል፣ ትሉ ከኩሱ ሥር ይተርፋል። የሚያልቁት ተምቹን የሚገድሉልን ነፍሳት ናቸው። ኮቴሲያ ኢሲፔ የምትባል ትንሽ ተርብ አለች፤ ዕንቁላሏን ትሉ ውስጥ ትጥልና ልጆቿ ከውስጥ ይበሉታል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ አገራችን ውስጥ በአንዳንድ ቦታ ከተሰበሰቡት ትሎች 45 በመቶ ያህሉን እሷ ይዛቸው አግኝቷል። ማንም ሳይከፍላት ይህን የምትሠራ ተርብ አለችን፤ እኛ ግን እንመርዛታለን።

የተቀናጀ ተባይ መከላከል የሚጀምረው ከማየት፣ ማለትም ከአሰሳ ነው። ማሳውን በ«ሠ» ፊደል ቅርጽ እየዞሩ አምስት ቦታ መቆም፣ በየቦታው 20 እግር በቆሎ ገልጦ ማየት። በቆሎው ለጋ ሳለ ከ100 እግር 20 ያህሉ ከተጠቃ እርምጃ ይወሰዳል። ከዚያ ካነሰ ዕንቁላሉን መደፍጠጥ፣ ትሉን መልቀም ይበቃል። ቅጠሉ ተበሳስቶ ዓይን ቢያስፈራም በቆሎ ያገግማል።

ርጭት ሲቀድም ምን እንደሚመጣ ከመቂ እስከ ባቱ ያሉ የአትክልት ማሳዎችን ያየ ያውቀዋል። መድኃኒቱ በጠርሙሱ ክዳን ይለካል፣ በባዶ እጅ ይበጠበጣል፣ ባዶው ዕቃ ተለቅልቆ ውኃ ይቀዳበታል። ረጪው የለበሰውን ሳይቀይር ልጁን ያቅፋል። ሌላ መንገድ መኖሩን የአርባ ምንጭ አካባቢ ጥጥ አምራቾች አሳይተዋል፤ ፓን ኢትዮጵያ ከተባለው ድርጅት ጋር በመስክ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ጠቃሚ ነፍሳትን የሚስብ ምግብ በማሳቸው ላይ እየረጩ ጥጥ ያመርታሉ።

መድኃኒቱ በደንብ ይድረሰው
(የቀድሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ)

እኅቴ ስለ ትሉ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው። የቀረው ስለ ሰውየው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። በቆሎ በ75 በ30 ሴንቲ ሜትር ሲዘራ ግማሽ ሄክታር ላይ ከ22 ሺህ በላይ እግር ይቆማል። አንዱን ገልጦ ለመልቀም 5 ሴኮንድ ብቻ ቢፈጅ፣ አንድ ዙር ከ30 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ዕንቁላሉ በሁለት በሦስት ቀን ስለሚፈለፈል ዙሩ ይደገማል። ያን ሰዓት የሚሰጠው ማን ነው? ጉልበት የሚገዛበት የሌለው ቤት ነው፤ እናትየዋና ልጆቿ ናቸው። ባለ ገንዘቡ ጎረቤት በአንድ ጠዋት ረጭቶ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ድሃውን «አንተ ልቀም» ማለት ለእኔ እገዛ አይደለም።

ተምቹን ለመከላከል በበቆሎው መሀል ዴስሞዲየም የተባለ ተክል፣ በዳሩ ብራኪያሪያ ሣር ይዘራ የሚለውም ምክር አለ። ሳይንሱን አልከራከርም፤ አቀንጭራ የተባለውን አረምም ይቀንሳል። ግን ዘሩ ከየት ይገኛል? ቢገኝስ፣ አዝመራው ተሰብስቦ ከብቱ ሲለቀቅ ማን ይጠብቀዋል? ልቅ ግጦሽ ባለበት አገር ለዓመታት ይቆያል የተባለው ተክል የመጀመሪያውን በጋ አያልፍም።

ምክሩን የሚያደርሰውስ? በቀበሌው የሰብል ባለሙያ ተብሎ የሚመደበው አንድ ሰው ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር አባወራ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የገበሬው አማካሪ ባለ ሱቁ ሆኗል፣ መድኃኒቱንም ከትልቅ ዕቃ ወደ ውኃ ፕላስቲክ እየገለበጠ ያለ ምልክት ይሸጥለታል። የጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ። ይሠራበት። ለግማሽ ሄክታር የሚበቃ፣ የታሸገ፣ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈበት መጠን ይቅረብ። ጓንትና ቦት ጫማ ያላቸው፣ የሠለጠኑ ወጣቶች ተደራጅተው በክፍያ ይርጩ። ያን ጊዜ ባዶ እጅም ክዳንም ይቀራል።

ባለሙያዋ ሲመልሱ

ጋሼ፣ የረጪ ቡድኑን ሐሳብ እቀበላለሁ። ግን ክፍያው በተረጨው መሬት ልክ ከሆነ «ዘንድሮ አትርጩ» የሚል ረጪ አይገኝም። ወጣቶቹ ለአሰሳው ይከፈላቸው፤ አይተው አያስፈልግም ቢሉም ደመወዛቸው አይጉደል። የእናትየዋም 30 ሰዓት የሚቀንሰው በዚሁ ነው፤ 100 እግር አይቶ ለመወሰን 22 ሺውን መግለጥ አያስፈልግም።

የልማት ሠራተኛው የመጨረሻ ቃል

ያማ ከሆነ ገንዘቡን እናውራ። አንበጣ ሲመጣ አውሮፕላን ይነሣል፤ የተምች አሰሳ ግን እስካሁን የገበሬው የነፃ ጉልበት ነው። ለአሳሾቹ የሚከፈል በጀት በወረዳ ዕቅድ ውስጥ ሰፍሮ ሳይ ከእርስዎ ጋር እቆማለሁ። እስከዚያው ግን ማሳው ከመቶው ሠላሳ የተበላበት ገበሬ አለ፤ እሱ ዛሬ አመሻሽ ላይ የሚረጨው፣ ምልክቱ ያልተቀደደ ጠርሙስና አንድ ጥንድ ጓንት ይድረሰው።