ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሲሚንቶ እንለምናለን

በየሰፈራችሁ ግማሽ ላይ የቆመ አንድ ቤት አይጠፋም። ፌሮው ዝጓል፣ ብሎኬቱ በክረምት ዝናብ ጠቁሯል፣ የበሩ ቦታ በቆርቆሮ ተጋርዷል። ባለቤቱን «ምን ሆነ?» ብትሉት መልሱ የታወቀ ነው፦ ሲሚንቶ! አንዴ ከገበያ ይጠፋል፣ አንዴ ደላላ እጅ ይገባል፣ ሲገኝ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም።

የእኔ አቋም አጭር ነው። ፎቅ ለሌለው ወይም ባለ አንድ ፎቅ ለሆነ መኖሪያ ቤት ግድግዳውን በድንጋይና በሸክላ ጡብ መሥራት እየቻልን ሁሉን ነገር ለሲሚንቶ ያስረከብነው ቸግሮን ብቻ አይደለም። ንቀትም አለበት። ድንጋይ የገጠር፣ ብሎኬት የከተሜ ሆኖብን ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።

የጎንደር ቤተ መንግሥት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በድንጋይና በኖራ ቆሟል። «እሱ የነገሥታት ነው» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ የተራውን ሰው እንይ። የትግራይ ህድሞ፣ የሐረር ጀጎል ቤቶች፣ የአርጎባዎቹ የሾንኬ መንደር በድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ገበሬና ነጋዴ የሠራቸው፣ ልጅና የልጅ ልጅ የኖረባቸው ቤቶች ናቸው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ማታ ቀስ እያለ ይለቃል። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ ለሚፈራረቅበት ደጋ ከዚህ የተሻለ ብርድ ልብስ የለም። ምስጥ አይበላውም፣ እሳት አይዘልቀውም። በደንብ የተጠረበ ድንጋይና በደንብ የተተኮሰ ጡብ ከውጭ ልስንም ቀለምም አይፈልግም። በየጥቂት ዓመቱ ቀለም መቀባት ቀረ ማለት ነው። የሲሚንቶ ጥሬ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቃጠላል፤ ለዚያ የሚሆነውን ከሰል ለዓመታት በውጭ ምንዛሪ ስንገዛ ኖረናል። ድንጋይ የሚፈልገው ግን መሮና መዶሻ ነው።

ተቃውሞውንም አውቀዋለሁ። አንደኛው ቦታ ይበላል የሚለው ነው። እውነት ነው። 10 በ10 ሜትር በሆነ ቤት ላይ ባለ 20 ሳንቲ ሜትር የብሎኬት ግድግዳ ውስጡን 92 ካሬ ያስቀርልናል፤ ባለ 50 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ግድግዳ ግን 81 ብቻ። በሊዝ ዋጋ 11 ካሬ ቀላል አይደለም። ባለ 25 ሳንቲ ሜትር የጡብ ግድግዳስ? 90 ካሬ። ስለዚህ መሬት በተወደደበት ከተማ ጡብ፣ መሬት ባልጠበበበት ወረዳ ድንጋይ።

ሁለተኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በ2017 ታኅሣሥና ጥር አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የሆነውን ማናችንም አልረሳንም። በጭቃ ብቻ የተካበ ድንጋይ ሲናወጥ ይናዳል። መፍትሔው ግን ድንጋዩን መጣል ሳይሆን ማሰር ነው፦ ከመሠረቱ በላይ፣ ከበርና ከመስኮቱ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ዙሪያውን የሚይዝ ፌሮ ያለው ኮንክሪት። ያችን ውድ ሲሚንቶ እዚያ ላይ እናውላት።

ሦስተኛው ጡብ ደን ያስጨርሳል የሚለው ነው። በማገዶ ከተተኮሰ አዎ፣ ያስጨርሳል። እንዲህ ያለውን ጡብ እኔም አልደግፍም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የባለሙያው ነገር ነው። በ2000ዎቹ በኮብልስቶን ሥራ ስንት ወጣት ድንጋይ መጥረብ ተማረ! «ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን ጠረበ» እያልን ቀለድንባቸው። መንገዱ ሲያልቅ መሯቸውን አስቀምጠው ተበተኑ። ድንጋይ ማስተካከል የሚችል እጅ ግድግዳ መገንባትን ለመማር የሚቀረው ጥቂት ነበር። ያንን ጥቂት የሚያስተምረው ግን አላገኘም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለባለሥልጣናቱ ነው። የሕንፃ ሹም ጽሕፈት ቤቶች በመሐንዲስ የተሰላ የድንጋይና የጡብ ቤት ፕላን አዘጋጅተው ለነዋሪው በነፃ ይስጡ። የሙያ ማሠልጠኛዎች ግንበኝነትን ከጥርበት ጋር አብረው ያስተምሩ። መንግሥት ራሱ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ሲሠራ በአካባቢው ድንጋይ ሠርቶ ያሳየን።

እስከዚያው ግን ቤት ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ለሲሚንቶ ከመሰለፋችሁ በፊት እግራችሁ ሥር ያለውን እዩ።

ቸር ያሰማን።