ሕፃን ስሙ ሲጠራ ዘወር ባይል

ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና መነሣታቸው ከጥንት የቆየ ሥርዓት ነው። የሕፃናት ሐኪሞችም ሕፃን ለእናቱ ፊት የመጀመሪያውን ፈገግታ የሚመልሰው ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው ይላሉ። ሁለቱ ጊዜያት ተቀራርበዋልና፥ በክርስትናው ቀን የተሰበሰበው ዘመድ «መሳቅ ጀመረን?» ብሎ መጠየቁ እንዲያው ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ሕፃኑ በ9 ወሩ ስሙ ሲጠራ ዘወር ይላል፤ ያላወቀውንም ሰው ይፈራል። በዓመቱ እጁን አወዛውዞ ይሰናበታል። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ደግሞ ወፍ ሲያይ በጣቱ ይጠቁምና እናቱ አይታ እንደ ሆነ መልሶ ፊቷን ይመለከታል። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ቢመስልም ትልቅ ነው፤ እንጀራ ፈልጎ የሚጠቁም ልጅ ሆዱን ይሞላ ዘንድ ነው፥ ወፍ የሚያሳይ ልጅ ግን ደስታውን ከሌላ ሰው ጋር ለመካፈል ብቻ ነውና።

የዘገየ ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ያለ ወሩ የተወለደ አለ፤ ጆሮው የማይሰማም አለ። ጎረቤትም «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» እያለ እናቲቱን ያጽናናል። ይህ ቃል ብዙ ጊዜ እውነት ይሆናል፤ እውነት ባልሆነ ጊዜ ግን ልጁ ሊረዳበት የሚገባውን ዓመት ይበላል። የጀመረውን ቃል መልሶ የተወ ልጅ ከሆነማ አንድ ሳምንት እንኳ ሊቈይ አይገባውም።

ሐኪሙ ሌዎ ካነር በባልቲሞር ከተማ ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝም የተባለውን ነገር ያስታወቀው በ1943 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ከእርሱ በኋላ አንዳንድ ሊቃውንት ምክንያቱ የእናት ፍቅር ማነስ ነው ብለው ብዙ እናቶችን አስለቀሱ፤ ቈይቶም ነገሩ ሐሰት ሆኖ ተገኘ፥ ከአንጎል አስተዳደግ የሚመጣና አብዛኛውም በዘር የሚወረስ ነውና። በኢትዮጵያ ወቀሳው በሌላ መንገድ ይመጣል፤ ርግማን ነው፥ የእናቲቱ ኃጢአት ነው ይባላል፤ ልጁም በጓዳ ይሸሸጋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በአዲስ አበባ ለእነዚህ ልጆች ማዕከል ማቋቋማቸው ከጓዳ ያወጣቸው ሥራ ነው።

የተጨነቀች እናት አስቀድማ የምትነግረው ለንስሓ አባቷ ነው። ካህኑ ጠበል ቢያዝ ሥራው ነው፤ ከሐኪም ግን ሊከለክላት አይገባውም፥ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም እንዲከበር ያዝዛልና። «ምን በድለሽ ነው?» ብሎ መጠየቅማ በቍስል ላይ ቍስል መጨመር ነው።

ለሹማምንቱም የተዘጋጀ ቀን አለ። ሕፃን ሁሉ በ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ሊወስድ ይመጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዪቱ መርፌውን ወግታ ከመስደዷ በፊት «ስሙን ስትጠሪው ዘወር ይላልን? ስትስቂለትስ ይስቃልን?» ብላ ብትጠይቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ገንዘብም አያስወጣም። ወጪው የሚመጣው መልሱ «የለም» ሲሆን ነው፤ የሚልኩበት ቦታ ሳይዘጋጅ መጠየቅ እናትን ማስደንገጥ ብቻ ነውና፥ በየአካባቢው ቢያንስ የሕፃን ጆሮ የሚመረምር አንድ ሰው ከነመሣሪያው ሊመደብ ያስፈልጋል።