የማይታየው ሥር እንዴት እንደ ታየ

ከቤተ ሰቡ መካከል እጁ ወይም እግሩ እያበጠ የሚሠቃይ ሰው ሲኖር ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ምክንያቱን ይመረምራል፤ አንዱ ምች ነው ይላል፤ ሌላው ዓይነ ጥላ ነው ይላል፤ ሕመምተኛውም ከሰው ፊት መሰወርን ይመርጣል። ሐኪሞች ግን ከእብጠት ምክንያቶች አንዱን ለይተው ያውቃሉ፤ ይኸውም የሊምፍ ሥሮች መጐዳት ነው።

በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥሮች ሌላ፥ በሥጋ መካከል የቀረውን ውኃ ለቅመው ወደ ደም የሚመልሱ ቀጫጭን ሥሮች አሉ። የጡት ነቀርሳ ይዟት የብብቷ ዕጢዎች የወጡላት ወይም በጨረር የታከመች ሴት አንዳንድ ጊዜ ይህ መንገድ ይዘጋባትና ውኃው በእጅዋ ላይ ይጠራቀማል። በአገራችንም በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው የሚሠሩትን ገበሬዎች የሚይዘው ዝሆኔ ከዚሁ ወገን ነው።

እነዚህን ሥሮች ማየት ብዙ ዘመን አስቸግሯል፤ ፈሳሻቸው እንደ ደም ቀይ አይደለምና። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1622 ዓ.ም. ጋስፓሬ አዜሊ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም፥ በልቶ ብዙ ያልቈየ ውሻ ሆዱን ከፍቶ ሲመለከት በአንጀቱ መጋረጃ ላይ ወተት የመሰሉ ነጫጭ ሥሮች አገኘ። ፈሳሹን ያነጣው የበላው ስብ ነበር፤ ውሻው ጾሙን ውሎ ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ምንም ሳያይ በቀረ ነበር።

በዘመናችን የተገኘው ዘዴ ግን እንስሳው በሕይወቱ ሳለ ሥሩ ሲያድግ ያሳያል። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ ሊቃውንት ገና ጫጩት የሆነውን፥ ገላው እንደ መስተዋት የሚያሳልፈውን ትንሽ ዓሣ በማይክሮስኮፕ እየተመለከቱ የሊምፍ ሥሮቹ ሲዘረጉ ተከታትለዋል። ለአይጥም ብርሃን ሲያርፍበት የሚያበራ ቀለም ከቈዳዋ በታች ይወጋላታል፤ በማደንዘዣ ተኝታ ሳለች ቀለሙ የሚሄድበት መንገድ ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ በሜሎዲ ስዋርትዝ ቤተ ሙከራ የታየው ነው። ከአይጥ ጅራት ላይ ቈዳው እንደ ቀለበት ተላጠና ቦታው በሌላ ነገር ተሞላ። ሥሩ አስቀድሞ ያድጋል፥ ውኃውም ይከተለዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል፤ የታየው ግን ተቃራኒው ነው። ውኃው በመጀመሪያ መንገዱን አበጀ፤ የሥሩ ሕዋሳት ከዚያ በኋላ በመንገዱ ተሰለፉ። የክረምት ጐርፍ ቦዩን ራሱ እንደሚቀድ ማለት ነው።

ይህ ለሕክምናው ትልቅ ነገር ነው። በሄልሲንኪ የካሪ አሊታሎ ባልደረቦች በ1996 ዓ.ም. ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. ሲ የተባለውን፥ የሊምፍ ሥር እንዲያድግ የሚያዝዘውን ንጥረ ነገር ካገኙ ወዲህ ብዙዎች መድኃኒቱ ተገኘ ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። በ2005 ዓ.ም. ግን በዚያው በአይጥ ጅራት ላይ ንጥረ ነገሩ ሲበዛ ሥሮቹ ለጊዜው ከመስፋታቸው በቀር አዳዲስ ሥሮች አልበዙም። እንግዲህ በሥዕሉ ላይ ሥሩ ወፍሮ መታየቱ ብቻ አይበቃም፤ ውኃውን መሸከሙም መታየት አለበት። እብጠቱን ፈጽሞ አጥፍቻለሁ የሚል ሻጭ ወደ ቤታችሁ ቢመጣ ይህንኑ ጠይቁት።

እስከዚያው ድረስ ያበጠውን እግር ወይም እጅ በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ በሚገባ አድርቁት፤ ቈዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት ቀቡት፤ ስትቀመጡም ከፍ አድርጋችሁ አሳርፉት፤ ሐኪም ባሳያችሁም ዓይነት በፋሻ ጠቅልሉት። ቀይ አፈር ላይ የሚውል ልጅ ያላችሁም ጫማ አድርጉለት።