የሐዋላ ደረሰኝና ድንበር የሚሻገር ማስረጃ

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ መውረድ የቆየ ልማድ መሆኑን የአካባቢያችን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ሠራተኛው ሲሄድ ጫማውን ከሱቃችን ይገዛል፤ ሲመለስም ያፈራውን ገንዘብ ይዞልን ይመጣል። በደላላ ተታሎ መተማን አልፎ ወደ ሱዳንና ወደ ሊቢያ የተወሰደው ወጣት ግን ለቤተ ሰቡ የሚደርሰው በስልክ ነው፤ ቃሉም «ገንዘብ ላኩልኝ» የሚል ነው። አባት በሬውን ሸጦ በተነገረው ስም ይልካል። ገንዘቡም በባንክ አለዚያም በባለሱቅ እጅ ያልፋል። ነገሩ እኛን ነጋዴዎችን የሚነካው በዚህ በኩል ነው።

ወንጀሉ በሊቢያ ስለ ተፈጸመ ማስረጃው ሁሉ በሊቢያ ነው ማለት አይደለም። ድንበር ተሻጋሪ የተደራጁ ወንጀሎችን ለመከላከል የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣውን ስምምነት ኢትዮጵያ በ2007 አጽድቃዋለች። በ18ኛው አንቀጽ መሠረት አንዱ አገር ሌላውን ምስክር እንዲሰማለት፣ ቤት እንዲፈትሽለት፣ የባንክና የንግድ መዝገብ እንዲልክለት መጠየቅ ይችላል። የባንክ ምስጢር ነው ብሎ እንቢ ማለት አይፈቀድም። የተለመደውንም ወጪ የሚችለው ተጠያቂው አገር ነው፤ ይህን የምጠቅሰው ነጋዴ አስቀድሞ ስለ ወጪ እንደሚጠይቅ ስለማውቅ ነው። ጥያቄው ግን ከወረዳ ፖሊስ ጣቢያ በቀጥታ ወደ ውጭ አይሄድም። በእኛ አገር መንገዱ በፍትሕ ሚኒስቴር በኩል ነው።

ተወልደ ጎይቶም ወይም «ዋሊድ» የተባለው ኤርትራዊ በሊቢያ ስደተኞችን አግቶ ገንዘብ በማስከፈል ተከሶ በ2021 አዲስ አበባ ላይ ተፈረደበት፤ በኦክቶበር 2022 ደግሞ ለኔዘርላንድ ተላልፎ ተሰጠ። ኔዘርላንድን ከሊቢያ ምን አገናኛት ቢሉ፣ ስለ ታገቱት ሰዎች ገንዘብ ክፈሉ ተብለው የተገደዱ ዘመዶች በዚያ ይኖሩ ስለ ነበር ነው። ታዲያ ነፋስ መውጫና ወገዳ ላይ የከፈለው አባት ማስረጃ የት አለ?

ማስረጃ ሲጎድል ንጹሕ ሰውም ይጎዳል። በ2016 ካርቱም ላይ ተይዞ ለኢጣሊያ የተሰጠው ኤርትራዊ ወጣት ታዋቂ የስደተኛ አሸጋጋሪ ነው ተብሎ ሦስት ዓመት ታስሮ ቆይቷል። የፓሌርሞ ፍርድ ቤት የተፈለገው ሰው እርሱ አለመሆኑን በይኖ የለቀቀው በጁላይ 2019 ነው። የሚያስገርመው፣ ያ ስምምነት ለፊርማ የቀረበው በዚያችው በፓሌርሞ ከተማ ነበር። የስም መመሳሰል እንዳያሳስት ስልክ ቁጥር፣ የሒሳብ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ያስፈልጋሉ።

ያለ ፈቃድ ሐዋላ የሚሠራ ባለሱቅ ሕግ መጣሱ ብቻ አይደለም፤ የልጁን ዱካ እያጠፋ ነው። «ልረዳቸው ብዬ ነው» የሚለውን ምክንያት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አልቀበለውም። የሚረዳ ሰው ሽማግሌውን ወደ ባንክ ይዞ ይሄዳል፤ የተደወለበትን ቁጥር፣ የተቀባዩን ስምና የገንዘቡን ልክ በወረቀት ጽፎ ከደረሰኙ ጋር ያኖርለታል። አባት ልጁ እንዳይገደል ፈርቶ ለፖሊስ ባያመለክት አይፈረድበትም። ወረቀቱን ማኖር ግን ማንንም አያስገድልም፤ ልጁ በተለቀቀ ጊዜ ወይም ወንጀለኛው በተያዘ ጊዜ ይፈለጋል።

የመንግሥትም ድርሻ አለ። የአርብ ገበያና የመካነ ኢየሱስ መርማሪ እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲቀርብለት «ውጭ አገር ነው» ብሎ እንዳይመልስ፣ ማስረጃውን በምን ቅጽ ሞልቶ ለማን እንደሚልክ በጽሑፍ ሊታዘዝ ይገባል። ንግድ ምክር ቤታችን ይህን ለፍትሕ ሚኒስቴር በደብዳቤ ቢጠይቅ ከሥራው አልወጣም፤ የተዘረፈው የገበሬው በሬ ዋጋ በገበያችን ይዞር የነበረ ገንዘብ ነውና። ሱዳን ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በጦርነት ስለ ታመሰች፣ ወደ ካርቱም የሚጻፍ ደብዳቤ በቶሎ መልስ ያገኛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። እስከዚያው በእጃችን ያለው ደረሰኝ ከአይጥና ከእርጥበት ይጠበቅ።